«ይህ መስመር አልገባኝም»፦ አንድሩ ዋይልስና አሥራ ሦስቱ ወራት

ነገሩ ሲጀመር ትችት አይመስልም ነበር። ኦገስት 23 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. (በእኛ ነሐሴ 17 ቀን 1985 ዓ.ም.) የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ኒክ ካትዝ ለባልደረባው ለአንድሩ ዋይልስ እንደ ወትሮው ኢሜይል ጻፈለት። ዋይልስ የፌርማን የቆየ የሒሳብ ጥያቄ ፈታሁበት ያለውን ጽሑፍ ይመረምር ስለነበር ያን ሰሞን በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይጽፍለት ነበር። የሚጽፈውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ያለው ይህ መስመር ለምን እውነት እንደሆነ አልገባኝም። ዋይልስ ያብራራል፣ ካትዝ ይረካል፣ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋሉ።

የዚያን ዕለቱ ጥያቄ ውስብስብ ስለነበር ዋይልስ መልሱን በፋክስ ላከ። ካትዝ አነበበው፤ የጠየቀውን አላገኘበትም። እንደገና ጠየቀ። ሁለተኛ ፋክስ መጣ። አሁንም አልረካም።

እነዚህን ሁለት ፋክሶች ልብ በሉልኝ። ዋይልስ አልተቆጣም፣ ካትዝንም አልናቀም፣ የደበቀውም ነገር አልነበረም። መልሱን እንደሚያውቀው እርግጠኛ ነበር፤ የጎደለው ማብራሪያ ብቻ መስሎታል። ስሕተቱ የተነገረው ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ቃል «ሳላብራራልህ ቀርቼ ነው» የሚል ነው። አርታኢ ስለሆንኩ ይህን ቃል በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ጽሑፌ በሌላ አርታኢ እጅ ሲገባ ደግሞ እኔው ራሴ እለዋለሁ።

ስለ ትችት አቀባበል ሲወራ ምሳሌ የሚሆኑልን ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛ የሚደበድብ አለቃ ወይም አስተያየት ሲሰጠው የሚያኮርፍ ደራሲ ናቸው። እነሱ ቀላል ናቸው፤ ገና በሩቁ ይታወቃሉ። ዋይልስን የመረጥኩት ዝምተኛና ትሑት የሚባል ሰው ስለሆነ ነው። እኔነት ሳይጮኽ፣ ሰው ሳይሳደብ፣ በር ዘግቶ ሥራ ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚመስል የእሱ ጉዳይ ያሳያል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ

ካትዝ ይመረምረው የነበረው ጽሑፍ 200 ገጽ ያህል ነበር። ይፈታል የተባለው ጥያቄ ደግሞ ከ350 ዓመት በላይ የቆየ ነው። 3 በ3 ሲባዛ 9፣ 4 በ4 ሲባዛ 16 ይሆናል፤ ድምራቸው 25፣ እሱም 5 በ5 ነው። ቁጥሩን በራሱ ሁለት ጊዜ በማባዛት ፈንታ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ስናባዛው ግን እንዲህ የሚገጥሙ ከዜሮ የሚበልጡ ሦስት ሙሉ ቁጥሮች ፈጽሞ አይገኙም። ፒየር ደ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሕግ ሰው በ1637 ገደማ ይህን በአንድ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ጻፈና፣ ድንቅ ማረጋገጫ አለኝ፣ ነገር ግን ኅዳጉ ጠበበኝ ብሎ አለፈ። ማረጋገጫውን ያየ ሰው የለም። ጥያቄው ግን ለልጅም የሚገባ፣ ለሊቅም የማይፈታ ሆኖ ቀረ።

ዋይልስ ያገኘው በአሥር ዓመቱ፣ በካምብሪጅ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በ1986 አሜሪካዊው ኬን ሪቤት የፌርማን ጥያቄ ታኒያማና ሺሙራ ከተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ግምት ጋር ማገናኘቱን ሲሰማ የልጅነት ሕልሙ ተቀሰቀሰ። ግምቱ ቢረጋገጥ የፌርማም ጥያቄ አብሮ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት በቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ብቻውን ሠራ። ጉባኤ መሄድ ቀነሰ። ሰው እንዳይጠረጥር ቀደም ብሎ የጨረሰውን ሌላ ሥራ በየስድስት ወሩ እየቆነጠረ አሳተመ። እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ድረስ ሚስጥሩን የነገራት ለሚስቱ ለናዳ ብቻ ነበር፤ እሱንም በጫጉላቸው ጊዜ።

ይህ ብቸኝነት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ፊት አለው። ያለ እሱ ሥራው ባልተሠራም ነበር። ስለ ፌርማ የሚያወራ ሰው ዙሪያውን ጠያቂ ይሰበሰብበታል፤ ዋይልስም ይህንኑ ምክንያት በግልጽ ተናግሯል፤ ትኩረቴን ሊበትኑብኝ ነው አለ። እውነቱን ነው። በሌላ በኩል ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም «ይህ አልገባኝም» ብሎት አያውቅም። በእርማት ያልተገራ ሥራ እያደገ ሲሄድ የሠሪው አካል ይሆናል። ሥራው ሲነካ ሰውየው ይነካል።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። ተማሪው ቀን ጥሻ ለጥሻ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። ቤት ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ እዚያው ይታረማል፤ አንዳንዴም ይሳቅበታል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። እርማቱ የዕለት ምግብ ስለሆነ ከአንድ ቅኔ ጋር የተጣበቀ ክብር ብዙም አይኖርም። ዋይልስ ሰባት ዓመት የቆጠረውን ቅኔ የነገረው በአንድ ጊዜ፣ በመላው ዓለም ፊት ነው።

ጁን 23 ቀን 1993 በካምብሪጅ የአይዛክ ኒውተን ተቋም ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ንግግሩን አደረገ። የፌርማን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈና «እዚህ ላይ የማቆም ይመስለኛል» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ በማግስቱ ወሬው በኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። አንድ ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት ከዌልስ ልዕልት ከዳያና ጋር ከዓመቱ 25 አስደናቂ ሰዎች አንዱ አድርጎ መረጠው። አንድ የልብስ ኩባንያም የወንዶች ልብሱን እንዲያስተዋውቅለት ጠየቀው። በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ጫጫታ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

አበው ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከሁለት ወር በኋላ የካትዝ ጥያቄ ሲመጣ ዋይልስ አፋፉ ላይ ቆሞ ነበር።

ወዳጅ ጆሮ፣ መርማሪ ዓይን

ከዚህ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የያዘው እሱ ነው። ዋይልስ ዓለም ከማወቁ በፊት ሥራውን የሚያይለት ሰው ፈልጎ ነበር። በጃንዋሪ 1993 በሻይ ሰዓት ካትዝን ወደ ቢሮው ጠራውና በሩን ዘግቶ ነገረው። ሰው እንዳይነቃ ሁለቱ አንድ ዘዴ ፈጠሩ፤ ዋይልስ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ኮርስ ይሰጣል፣ ካትዝ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ደረጃ ይመረምራል። የኮርሱ ርዕስ ስለ ፌርማ ትንፍሽ አይልም። ተማሪዎቹ ስሌቱ ወዴት እንደሚሄድ ስላልገባቸው ተራ በተራ ጥለው ወጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ካትዝ ብቻ ነበር።

ካትዝ እስከ መጨረሻው ሰማ። ይሠራልም አለ። ስሕተቱ ግን እዚያው ውስጥ ነበር።

ኋላ በኦገስት ያንኑ ስሕተት ያገኘው ያው ካትዝ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የያዘው ኃላፊነት ነው። በኮርሱ ወቅት የወዳጁን ትልቅ ሚስጥር ተሸክሞ፣ እንዲሳካለት እየተመኘ፣ ሰሌዳ እያየ የሚከታተል አድማጭ ነበር። በክረምቱ ግን ጽሑፉ የቀረበለት የሒሳብ መጽሔት አዘጋጅ ባሪ ማዙር ከመረጣቸው ስድስት ገምጋሚዎች አንዱ ሆኖ ሦስተኛውን ምዕራፍ ተረከበ። ከፈረንሳዊው ሉክ ኢሉዚ ጋር እየተጋገዘ፣ ያልገባውን መስመር ላለማለፍ ወስኖ ተቀመጠ። ሥራቸውን ለጓደኛ አሳይተው «በጣም ጥሩ ነው» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች ሁሉ የዚህን ኮርስ ነገር ቢያስቡት እወዳለሁ። ጓደኛው ላይዋሽ ይችላል። የሰጡት ቦታ ግን የአጨብጫቢ ቦታ ነው።

ጉድለቱ የነበረው ኮሊቫጊንና ፍላክ በተባሉ ሰዎች ስም በሚጠራው ስልት ውስጥ ነው። ዋይልስ ይህን ስልት የያዘው ወደ ሥራው መገባደጃ፣ ከ1991 ክረምት ወዲህ ነበር። ቀድሞ ሲጠቀምበት የነበረው ኢዋሳዋ በተባለ ጃፓናዊ ስም የሚጠራው ንድፈ ሐሳብ አላስኬድ ሲለው ተወውና ወደዚህኛው ዞረ። አዲሱ ስልት አስፈላጊውን ነገር ሁሉ እንደሚያደርግለት አስልቶ ነበር፤ በአንድ ቦታ ግን ስሌቱ ያሰበውን ያህል አልያዘም። በቤት ብንመስለው አንድ ጡብ ወይም አንድ ግድግዳ የጎደለ ሳይሆን መላው ጣሪያ የተጫነበት ምሰሶ ነበር።

መስከረም ጠባ

ዋይልስ መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎት ነበር። ኦክቶበር 6 የናዳ ልደት ነው፤ ለልደቷ የምትፈልገው ስሕተት የሌለበት ማረጋገጫ ብቻ መሆኑን ነገረችው። ቀኑ መጣ፤ አለፈ። የፕሪንስተን ባልደረባው ፒተር ሳርናክ ሁኔታውን ከክፍሉ በሚሰፋ ምንጣፍ መስሎታል። በአንዱ ማዕዘን ተጭነህ ስታስተኛው በሌላው ማዕዘን ተነሥቶ ይጠብቅሃል።

ከኦገስት እስከ ዲሴምበር ጉድለቱን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ጽሑፉ ለማንም አልታደለም። ወሬው ግን በኢሜይል መዛመት ጀመረ፤ የሒሳብ ሰዎች ሐሜት እንደማንኛውም ሰፈር ሐሜት ነው፣ ቁጥር ብቻ ይጨመርበታል። ዲሴምበር 4 ቀን 1993 ዋይልስ ለሙያ ባልደረቦቹ አጭር መልእክት ላከ። በግምገማው ወቅት የተነሡት ችግሮች አብዛኞቹ እንደተፈቱ፣ አንዱ ግን እንዳልተፈታ አመነ። ያም ቢሆን በካምብሪጅ ባብራራቸው ሐሳቦች በቅርቡ እንደሚጨርሰው እምነቱን ገለጸ፤ ጽሑፉ ገና ሥራ ስለሚቀረው አሁን እንደማይለቀው፣ በፌብሯሪ በሚጀምረው ኮርስ ሙሉውን እንደሚያስረዳ ተናገረ።

ይህን መልእክት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስሕተቱን ማመኑ ትልቅ ነገር ነው፤ የተነገረው ለሚያውቁት ሁሉ ነበርና። ግን ግማሽ ኑዛዜ ነው። «አንድ ችግር አለ» ይላል፤ ወዲያው «የእኔው ሐሳብ ይፈታዋል» ብሎ ይከተላል። በሩን ገርበብ አድርጎ መልሶ ዘጋው። በእኛ አነጋገር «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሐፍረቱ ራሱ በያዙት መንገድ እንዲገፉ ያስገድዳል።

ለዋይልስ መሟገትም ይቻላል። ጽሑፉን ቢለቅቀው ሌላ ሰው በሦስት ሳምንት ጉድለቱን ሞልቶ የሰባት ዓመቱን ልፋት በስሙ ሊያደርገው ይችል ነበር። ይልቀቅ፣ ሁላችንም እናግዝ የሚሉ ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል ለሳይንስ የሚያስቡም ለዝና የሚያስቡም እንደነበሩ አልጠራጠርም። ሰው የደከመበትን ነገር መጠበቁ ሁልጊዜ ትዕቢት ነው የሚል ስብከት አይዋጥልኝም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በሩን የዘጋው ሌባ እንዳይገባ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ ይባል ነበር። የተዘጋው በር ግን «ምናልባት ይህ ስልት ጭራሽ አይሠራ ይሆናል» የሚለውን ሐሳብም ውጪ አስቀርቶት ነበር።

ይህ ጥያቄ ሰዎችን በአደባባይ ሲያስት ያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም። ማርች 1 ቀን 1847 ጋብሪኤል ላሜ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቆሞ የፌርማን ጥያቄ ፈታሁት አለ። እዚያው ስብሰባ ላይ ጆሴፍ ልዩቪል ተነሥቶ አንዱ እርምጃ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ እንደቆመ አመለከተ። ኦገስቲን ኮሺም በዚያው መንገድ እየሠራሁ ነው ብሎ ገብቶበት ነበር። በሜይ 24 የጀርመኑ የኤርንስት ኩመር ደብዳቤ በአካዳሚው ሲነበብ ያ እርምጃ ስሕተት መሆኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ላሜ ወዲያው አቆመ። ኮሺ ግን ከደብዳቤው በኋላም ለሳምንታት ጽሑፍ ማቅረቡን ቀጠለ፤ ቀስ በቀስም ዝም አለ። ተሳስቼ ነበር ሳይሉ ዝም ማለት የቆየ ጥበብ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱም ተማሪ አላጣም።

ሁለተኛው ወንበር

ለውጡ የመጣው በሳርናክ ምክር ነው። የምታምነውና አብረኸው የምታወራው ሰው ያስፈልግሃል አለው። ዋይልስ የመረጠው የቀድሞ ተማሪውን ሪቻርድ ቴይለርን ነው። ቴይለር ከገምጋሚዎቹ አንዱ ስለነበር የጽሑፉን ድክመት ያውቃል። በጃንዋሪ 1994 ከካምብሪጅ ወደ ፕሪንስተን መጣ።

መምህር ተማሪውን ጠርቶ «እኔ ያቃተኝን እይልኝ» ሲለው ምን እንደሚሰማው እኛ አገር ያደገ ሰው አያጣውም። በእኛ ዘንድ ተማሪ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይሸኛል፤ የመምህሩን ስሕተት ግን ሌላው ሰው ቀድሞ ካልተናገረ እሱ አይናገርም። እንግሊዛውያኑ የእኛን ያህል ባያጠብቁትም እዚያም መምህር መምህር ነው። ዋይልስ በዚህ ጊዜ ያደረገው ከዲሴምበሩ መልእክት ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል። መልእክቱ ለብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚነገር ነው። ቴይለር ግን በየቀኑ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አልሠራም የሚባለው በየቀኑ ነው፣ በሚያከብርህ ሰው ፊት።

ወራቱ ግን ፍሬ አላፈሩም። በኤፕሪል አካባቢ አንድ የሐሰት ኢሜይል ተሰራጨ፤ የሃርቫርዱ ኖአም ኤልኪስ የፌርማን አባባል የሚያፈርሱ ቁጥሮች አግኝቷል፣ ስለዚህ ዋይልስ ሲደክም የኖረው በከንቱ ነው የሚል። የኤፕሪል አንድ ቀልድ ነበር፤ ቀኑ እየተቆረጠ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እውነት መሰለ። በኦገስት ዙሪክ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ዋይልስ ቆሞ ሲናገር ጉድለቱ እንዳለ ነበር። ከዓመት በፊት ያጨበጨበለት ዓይነት ሕዝብ ፊት ያለ ማረጋገጫ መቆም ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

ያን ክረምት ዋይልስ ሽንፈቱን ለመቀበል ተዘጋጀ። ቴይለር ግን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አንድ ወር እንጨምር አለው። ዋይልስ በውጤቱ ተስፋ ስለነበረው አልነበረም እሺ ያለው። ቢያንስ ለምን እንዳልሠራ ልረዳው ብሎ ነው።

«ለምን አልሠራም?»

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1994 ሰኞ ጠዋት ነበር፤ እኛ ዘንድ መስከረም 9 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት ያለፈው። ዋይልስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የኮሊቫጊንና የፍላክን ስልት እንደገና ያይ ነበር። እሱ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ይሠራል ብሎ አላመነም፤ የማይሠራበትን ምክንያት ማስረዳት ግን ይቻለኛል ብሎ አስቦ ነበር።

አንድ ዓመት ሙሉ የጠየቀው «እንዴት ላድነው?» የሚል ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጉድለቱን የሚያየው እንደ ጠላት ነው፤ ይደፍነዋል፣ ይዞረዋል፣ ምንጣፉን ይረግጠዋል። ያን ጠዋት የጠየቀው «ለምን አልሠራም?» የሚል ነው። ለዚህኛው ጥያቄ ጉድለቱ ጠላት መሆኑ ቀርቶ የሚመረመር ነገር ይሆናል። ካትዝ በኦገስት የጠየቀው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዋይልስ የተቺውን ጥያቄ የራሱ ጥያቄ አድርጎ እስኪጠይቅ አሥራ ሦስት ወር ፈጀበት።

ምክንያቱን ሲያይ ድንገት ሌላ ነገር ታየው። ስልቱ እንዳይሠራ ያደረገው ነገር ከሦስት ዓመት በፊት ትቶት የነበረውን የኢዋሳዋን ንድፈ ሐሳብ እንዲሠራ የሚያደርገው ራሱ ነበር። ሁለቱ ለየብቻቸው አይበቁም ነበር፤ አንድ ላይ ግን ይገጥማሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በሒሳብ ክፍሉ መተላለፊያዎች ውስጥ ሲመላለስ ዋለ፤ በየመሀሉ ወደ ጠረጴዛው እየተመለሰ፣ ሐሳቡ እዚያው መኖሩን ያይ ነበር። ነበረ። አድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አጣርቶ፣ ለናዳ ነገራት።

ከዓመት በፊት ይህን ሰው ብታገኙት ወደ ሰሌዳ ይሮጥ ነበር። አሁን ግን አልቸኮለም። ጽሑፉ በኦክቶበር 1994 ለጥቂት ሰዎች ተሰጥቶ እንዲመረመር ተደረገ፤ ጀርመናዊው ጌርድ ፋልቲንግስ አንዱን ክፍል የሚያቀልል መንገድ አሳያቸውና ተቀበሉት። ያቀለለው እሱ መሆኑም በጽሑፉ ተመዘገበ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሰባት ዓመት በር ዘግቶ የሠራ ሰው ጽሑፉ በሌላ ሰው እጅ ሲሻሻል «እኔ የጻፍኩት ይበልጣል» አለማለቱ ለእኔ ከሃያዋ ደቂቃ አታንስም።

ናዳም ያን ዓመት ለልደቷ የተጠናቀቀውን ጽሑፍ አገኘች፤ በአንድ ዓመት ዘግይቶ።

የቀረ ሒሳብ

የዋይልስን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች ብቸኛ ጀግና አድርገው ነው። የሽልማቱም ዝርዝር ይህንኑ ያግዛል፤ በ1997 ለዚሁ ጥያቄ ተይዞ የነበረው የቮልፍስኬል ሽልማት፣ በ1998 የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት የብር ሰሌዳ፣ በ2016 የአቤል ሽልማት። ይገባዋል። እኔ ግን በተቃራኒው ያሉ ተራኪዎችም ያሳስቱናል እላለሁ፤ ትሕትናን ተማረና ሁሉም ተሳካለት የሚሉት። ትሕትና ጉድለቱን አልሞላውም። ትሑት ሆኖ ሳይሳካለት መቅረት ይችል ነበር፤ ሴፕቴምበር አልቆ፣ ቴይለር ሥራውን ቀጥሎ፣ ዋይልስም «አልሠራም፣ ምክንያቱም ይኸው» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ። ያም ቢሆን ሁለቱን ፋክሶች ከላከው ሰው የተለየ ሰው ይሆን ነበር።

ከካትዝ በኩልም የሚባል አለ። ለአሥራ ሦስት ወር አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» ብሎ አደባባይ አልወጣም። ጥያቄውን ያቀረበውም መስመሩ ላይ ነው፤ «ማረጋገጫህ ወድቋል» ማለት ሲችል «ይህ መስመር አልገባኝም» አለ። የሚተች ሰው ራሱን አላዋቂ አድርጎ ሲያቀርብ ተተቺው ሰው የሚመክትበት ግንብ ያጣል፤ የቀረው ወረቀቱን ማየት ብቻ ነው። ደግሞም የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ በይሉኝታ አላለፈውም። ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ የወዳጅነት ሥራ ነው፤ ብዙዎቻችን ሁለተኛው ላይ «ይሁን እንግዲህ» እንላለን።

ቴይለር ከዚያ በኋላ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ ዋይልስ በከፊል ያረጋገጠውን የታኒያማና የሺሙራን ግምት ሙሉ በሙሉ አረጋገጠው፤ ሥራው በ2001 ታተመ። ያኔ በር የዘጋ አልነበረም።

የዋይልስ ማረጋገጫ በአናልስ ኦፍ ማቲማቲክስ መጽሔት በሜይ 1995 ሲወጣ ሁለት ጽሑፍ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው 109 ገጽ ነው፤ ራስጌው ላይ ያለው ስም የአንድሩ ዋይልስ ብቻ ነው። ሁለተኛው 20 ገጽ ነው። ካትዝ «አልገባኝም» ያለበትን ቦታ የሞላው ይህ ሁለተኛው ሲሆን፣ ራስጌው ላይ ሪቻርድ ቴይለርና አንድሩ ዋይልስ ይላል፤ የተማሪው ስም ቀድሞ።